ከሐርላ በታች የነበረው ባሕር

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ

ጋሼ፣ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? በሰው አገር ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፣ የእጅዎን ሥራ ይባርክልኝ። እኔና እናቴ በቸርነቱ ደህና ነን።

የአባቴ ሙት ዓመት እየደረሰ ስለሆነ ቤት ስናሰናዳ እናቴ የምድር ባቡር ሳጥኑን ከፈተችው። ከሥራ ልብሱ ሥር ያ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለው ድንጋይ ተቀምጧል። ልጅ ሆኜ መስኮቱ ላይ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ መጋረጃውን ይይዝልን ነበር። ይዤው ትምህርት ቤት ሄድኩ። አሁን ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ነው የማስተምረው። አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ማን ነው የቀረጸው?» አለችኝ። ማንም አልቀረጸውም፣ ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ እንስሳ ነው ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ድሬ ላይ ባሕር? ደቻቱ እንኳን ውሃ የሚያየው ሲዘንብ ብቻ ነው!» አሉኝ።

በማግሥቱ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ የደቻቱን ወንዝ ጭቃ በጥብጬ ክፍል ውስጥ አሳደርኩት። አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ጭቃ ከላይ ሆኖ ተኝቶ አገኙት። ባሕሩም እንደዚሁ ነው አልኳቸው። ማዕበል በማይደርስበት ጸጥ ባለ ቦታ ደቃቁ ጭቃ በጣም ቀስ እያለ ይወርዳል። የሞተውን ሁሉ ይሸፍናል። ስንት ሚሊዮን ዓመት ሲጫነው የጭቃ ድንጋይ ይሆናል፤ በኋላ መሬቱ ከፍ ሲል ባሕሩ ሄዶ ድንጋዩ ይቀራል። ጠርሙሱን ከበው አዩት። ቀጥለው ግን «የታለ ታዲያ? አሳዪን» አሉኝ።

ጋሼ፣ ድንጋዩን ያገኛችሁበት፣ እርስዎና አባቴ እሁድ እሁድ ትሄዱበት የነበረው ግራጫ ገደል የት ነው? እኔ የማስታውሰው አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ፀሐዩ ዓይኔን ሲወጋኝ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የያዘችልኝ ጎረቤታችን ዛምዛም ናት፤ በባቡር እየተመላለሰች ሸቀጥ ታመጣለች። መልሱንም ለእሷ ይስጡልኝ፣ በፖስታ አይላኩት።

ልጅዎ አስካለማርያም በቀለ

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለማርያም

ወንድሜን በቀለን የወሰደ አምላክ አንቺን ስላቆየልኝ ይመስገን። አድጊ፣ ተመንደጊ፣ ክፉ አይይሽ። እኔ ወደብ አጠገብ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሞተር እጠግናለሁ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት ሌላውን ነው።

ደብዳቤሽን ዛምዛም ስትሰጠኝ እጄ በግሪስ ተነክሮ ስለነበር እሷው ከፍታ ያዘችልኝና አነበብኩት። በቀለ ያንን ድንጋይ ያገኘ ቀን አብሬው ነበርኩ! ልጆች ነበርን። ከቅዳሴ መልስ ዳቦ በኪሳችን ይዘን በሐርላ መንገድ እንወጣለን። ትልቁ ሾላ ጋ ስትደርሺ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ያዢ። የፍየል ጠባቂው ጓደኛችን የዓዋሌ አባት የውሃ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ወደ ታች ስትወርጂ ግራጫውን ገደል ታገኚዋለሽ። ከላዩ በሃ ድንጋይ ተጭኖታል። ዝናብ ሲነካው ጭቃው እንደ ሊጥ ጫማ ላይ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቢላዋ ብታስገቢበት በስሱ እየተነሳ ይፈረከሳል። ከመሐሉ ነው ዛጎሉ የሚወጣው።

አባትሽ ያገኘውን ሁሉ በምላሱ እየላሰ ነበር የሚያጸዳው። «ጨው ጨው ይላል፣ ቅመሰው» ይለኝ ነበር። እኔ ቀምሼ አፈር አፈር እንጂ ጨው አላገኘሁበትም፤ እሱን ላለማስቀየም ግን «እውነትህን ነው» እለዋለሁ። ቤት ስንገባ እናታችን ሱሪያችንን አይታ ዱላ ታነሳለች። በቀለ ቀድሞ ስለሚሮጥ የሱንም ድርሻ እኔ ነበርኩ የምቀበለው።

የሰፈሩ ሰው እንዴት ነው? የቤቴስ ሰው እንዴት ናት? ደህና ናት ብለሽ ብቻ ብትጽፊልኝ ይበቃኛል።

አጎትሽ ክፍሉ

ድሬ ዳዋ፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ከድካም ይጠብቅዎ። የአባቴን ሙት ዓመት በደህና አወጣን፤ እርስዎ የሉም እንጂ ያልመጣ ሰው አልነበረም።

ሐርላ ሄድኩ። ሾላው የለም። በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ቆርጦ ማገዶ አድርጎታል። ጉድጓዱም አፈር ሞልቶታል። ዓዋሌን ግን አገኘሁት፤ አርጅቷል፣ ፍየሎቹን ልጆቹ ናቸው የሚያግዱለት። ጋሼ ክፍሉ ነው የላከኝ ስለው ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ክፍሉ ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«ኧረ በሕይወት አሉ።»

«ወላሂ? አቦ፣ የኔን ማጭድ ይዞ ነው እኮ የጠፋው!»

ሳቀ፣ ሳቀና ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። ከዚያ አብሮኝ ዞረ። በግራ ይዘን ወርደን ያገኘነው ነጭ በሃ ድንጋይ ብቻ ነው። ጥቃቅን ዛጎል አለው፣ ግራጫ ጭቃ ግን የለውም። ዓዋሌም «እነሱ ድንጋይ ሲለቅሙ እኔ ፍየል ነበር የምጠብቀው፤ የሄዱበትን አላየሁም» አለኝ። ጋሼ፣ እስቲ በደንብ ያስታውሱልኝ። ገደሉ ላይ ሲቆሙ ፀሐይ የምትገባው በፊትዎ ነው በጀርባዎ? ተማሪዎቼ ሰኞ ሰኞ «ባሕሩ ተገኘ ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

እናቴ በጣም ሰላም ትልዎታለች።

ልጅዎ አስካለማርያም

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአስካለማርያም

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለእናትሽም እንደዚሁ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሾላው ጻፍሽ፣ ስለ ጉድጓዱ ጻፍሽ፣ ስለ ዓዋሌ ማጭድ ሳይቀር ጻፍሽ። የጠየቅሁሽን ግን አልጻፍሽም። ሞታ ከሆነ ንገሪኝ። አግብታም ከሆነ ንገሪኝ። ዛምዛምን ብጠይቃት ወሬ ትለውጥብኛለች። አንቺም ስለ ፀሐይ መግቢያ ትጠይቂኛለሽ።

ፀሐይ በየት እንደምትገባ አላስታውስም። የማስታውሰው የጥሩወርቅን ቀሚስ ነው። በተጋባን ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ቦታውን ላሳያት ወሰድኳት። ማታ ዘንቦ ስለነበር ዳገቱ ያንሸራትታል። ነጭ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ግራጫ ሆነ። ትቆጣለች ብዬ ስፈራ ቁጭ ብላ አንዱን ድንጋይ እንደ እኛ ከፈለችው። ከውስጡ ዛጎል ወጣ፤ ገና ከባሕር የወጣ ይመስል ያብለጨልጭ ነበር። «ይሄ እስከ ዛሬ ብርሃን አይቶ አያውቅም ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዛጎሉን ስታየው ቆየች። እኔ ደግሞ እሷን ሳይ ነበር።

ቦታውን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ሂጂና ጠይቂያት። ካለች።

አጎትሽ

ድሬ ዳዋ፣ ሰኔ 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ

ጋሼ፣ ከሰላምታው በፊት የጠየቁኝን ልመልስ። እትዬ ጥሩወርቅ በሕይወት አሉ። አላገቡም። ሳልጽፍልዎ የቀረሁት እሳቸው ስለከለከሉኝ ነው። ያኔ የምድር ባቡር የሥራ ጓደኞችዎ በፖለቲካ ተይዘው እርስዎ ከባቡሩ ጋር ሄደው እዚያው ሲቀሩ፣ «የት ደበቅሽው?» እየተባሉ ሲጠሩና ሲመለሱ ከረሙ። ምን ብለው ይመልሱ? እርስዎ እንደማይመለሱ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያው በር ላይ ይቆሙ ነበር። በኋላ ቤቱም ተወሰደ። አሁን አንዲት ክፍል ይዘው ይኖራሉ፤ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ።

እንዳሉኝ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና «እትዬ፣ ከሐርላ በታች ያለውን ግራጫ ገደል ያውቁታል?» አልኳቸው። ሚዛኑን አስቀመጡት።

«ማን ነገረሽ?»

«ጋሼ ክፍሉ።»

«ያን ሰውዬ እኔ ፊት አታንሺው ብዬሽ አልነበረም?»

«ቦታውን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ለተማሪዎቼ።»

«በርበሬ ካልገዛሽ ተነሺ፣ ገበያ አትዝጊብኝ።»

ተነሥቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ የሸራ ጫማ አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። «ምን ታፈጪያለሽ? ፀሐዩ ሳይከር እንውጣ» አሉኝ።

በጭነት መኪና ሐርላ ድረስ ሄድን። ከዓዋሌ ጋር በኦሮምኛ ሰላም ተባብለው እሱም ተከተለን። ሾላው የነበረበት ጋ ስንደርስ እሳቸው በቀኝ ታጠፉ። ጋሼ ክፍሉ በግራ ነው ያሉኝ ስላቸው «ክፍሉ ግራና ቀኙን ለይቶ አያውቅም፤ ሲዳር እንኳ ለቀለበቱ የዘረጋው የተሳሳተውን እጅ ነው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ደረቁን ጅረት ይዘን ወርደን እንደተጠመዘዝን ገደሉ ፊታችን ቆመ።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ነው! ጥቁር ግራጫ ነው። በጣት ሲነካ ይፈረከሳል። እትዬ ጥሩወርቅ ቢላዋ ይዘው መጥተው ኖሯል፤ እየከፈሉ ያቀብሉኛል። ዛጎል፣ ጥቅልል ቀንድ፣ ደግሞ ጥይት የመሰለ ሹል ድንጋይ ብዙ አለ። ዓዋሌ አንዱን አንስቶ «ይሄ የጦርነቱ ነው?» አለ። የለም፣ የባሕር እንስሳ የሰውነት ክፍል ነው አልኩት። ፊቴን አይቶ «አንቺም እንደ አጎትሽ ነሽ» አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ጥሩወርቅ ከወዲያ ጫፍ ተጣሩ። «ነይ እስቲ፤ ይሄ ቀንድ አይደለም።» ከጭቃው ውስጥ ክብ ክብ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ድንጋዮች ተከታትለው ወጥተዋል። አጥንት ይሆን ብዬ ስጠራጠር «የጀርባ አጥንት ነዋ! ስንት በግ ገንጥዬ እሱን አላውቅም?» አሉኝ። ከበግ ግን እጅግ ይበልጣል። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

አጠገቡ ተቀመጡ። ጭቃው እንዴት እየወረደ እንደሸፈነው ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ድንገት «እዚህ ጋ ነበር የተቀመጥነው» አሉ። «ቀሚሴን ጭቃ ነክቶት ቤት ስንገባ ራሱ አጠበልኝ። ወንድ ልጅ የሴት ልብስ ሲያጥብ ያየሁት ያኔ ነው። ጎረቤት ሲስቅበት እንኳ አልተወም።» ቀጥለውም «ይህን እንዳትጽፊለት» አሉኝ።

እኔ ግን ጻፍኩልዎ።

ልጅዎ አስካለማርያም

ጅቡቲ፣ ኅዳር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለማርያም

እግዜር ያክብርሽ። እንዳትጽፊለት ያለችሽን በመጻፍሽ ደግሞ እጥፍ ያክብርሽ።

መልስ የዘገየው በባቡሩ አይደለም። ዛምዛም በመጣች ቁጥር «ደርሷል?» ትለኛለች፣ እኔ «ለሚቀጥለው» እላታለሁ። እጽፍና እቀድደዋለሁ። ጣቢያው በር ላይ መቆሟን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሥዕሉን መኪናውን ለምጠግንለት አንድ ፈረንሳዊ መምህር አሳየሁት። የባሕር ውስጥ ተሳቢ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም አለኝ፤ እንደ መቅዘፊያ ባሉ እግሮቹ የሚዋኝ፣ ለመተንፈስ ግን ከውሃው በላይ ብቅ የሚል፣ ሰው ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ የጠፋ። እንዳትነቅሉት፣ አፈር አልብሳችሁ ለሚያውቅ ሰው ንገሩ ብሏል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጥሩወርቅ ትምጣልኝ። ዛምዛም ይዛት ትመጣለች። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን የባሕሩ ነፋስ ይገባባታል። አንድ ሰው ሆኜ ሁለት ወንበር ነው ያለኝ።

ንገሪያትና የምትለውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ክፍሉ

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ክፍሉ

ጋሼ፣ በዓሉን በጤና አሳልፈዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዝም ሲሉኝ የክረምቱን ነገር ሳልጽፍልዎ ቀረሁ። ነሐሴ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ድልድዩ ላይ ሆነን ከላይ የመጣ ግራጫ ውሃ ስናይ እትዬ ጥሩወርቅ «ያ የገደሉ አውሬ ተወሰደ!» ብለው ጮኹ። ዝናቡ እንዳባራ ገበያቸውን ዘግተው ሄዱ። ጅረቱ የገደሉን እግር በልቶታል፤ ግማሹ ተንዶ አጥንቱ ጫፍ ደርሷል። ከዓዋሌ ጋር ሆነው ድንጋይ እየተሸከሙ ካብ ካቡለት። እኔ ስደርስ እጃቸው ደም በደም ሆኗል። «እትዬ፣ ለድንጋይ?» አልኳቸው። «ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ እኔ ባገኘሁት ዓመት ይሂድ?» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ ጽፌ ስለነበር ኅዳር መጨረሻ ላይ ባለሙያዎች መጡ። አጥንቱን ከነጭቃው በጨርቅና በጀሶ ጠቀለሉት። ሲያነሱት እትዬ ጥሩወርቅ ከጎን ሆነው «ቀስ! ሲሚንቶ አይደለም የተሸከማችሁት» እያሉ ያዝዛሉ፤ ማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ መጥቼ ሲያጸዱት እንድረዳ፣ ትምህርቱንም እንድወስድ ጠርተውኛል።

የላኩኝን መልእክት ነገርኳቸው። ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ይኸው፦

«ጅቡቲ ምን አለኝ? ባሕር ለማየት ከሆነ ድሬ ላይ አይቻለሁ። የሄደው እሱ ነው፤ የሚመጣውም እሱ ነው። ካልመጣ ደግሞ አትላኪብኝ፣ እኔም አልልክም።»

ጋሼ፣ ምሕረት ተብሎ ከጅቡቲ የሚመለሱ ሰዎች በባቡር መምጣት ጀምረዋል። ጣቢያ ሄጄ አይቻለሁ። አንዳንዱ ይጠየቃል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁሉም እንዲያ ነው ብዬ መማል አልችልም። ይምጡ ማለትም አልደፍርም።

ልጅዎ አስካለማርያም

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለማርያም

ስሜን አስመዝግቤያለሁ። እስክመዘገብ ድረስ ሦስቴ ከሰልፉ ወጥቻለሁ። የጋራዡ ባለቤት «አብደሃል» ይለኛል። ሌሊት እነዚያ የተያዙት ጓደኞቼ ይታዩኛል፣ ጠዋት ደግሞ ካብ የምትክብ ሴት ትታየኛለች።

ለእሷ አትንገሪያት። ከፈራሁና ከቀረሁ ድጋሚ ጣቢያ እንዳትቆም።

ክፍሉ

ድሬ ዳዋ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካለማርያም፣ አዲስ አበባ

የድሬ አምላክ በአዲስ አበባ ብርድ አይጣልሽ። አንቺ ስትወጪ እኔ ገባሁ፤ ሳንገናኝ ቀረን። ይኸው አሁን ደግሞ ከቤት የምጽፈው እኔ፣ ከሩቅ የምታነቢው አንቺ ሆንሽ።

መጥቻለሁ። ጠየቁኝ፤ ጽፌ ፈረምኩ፤ ከዚያ ሂድ አሉኝ። እናትሽ ያንቺን ክፍል ሰጠችኝ። የበቀለን ፎቶ ሳይ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ፤ እናትሽም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ቀፊራ ሄድኩ። ጥሩወርቅ ፊት ሴቶች ተሰልፈው ነበር፤ ከኋላቸው ቆምኩ። ተራዬ ደረሰ።

«ስንት ልመዝን?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እኔ ነኝ። ክፍሉ ነኝ።»

«ማን መሆንህን አይቻለሁ። ስንት ልመዝን?»

«ግማሽ ኪሎ» አልኳት። መዘነችልኝ፣ ጠቀለለችልኝና «ቀጣይ» አለች። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በማግሥቱም። እናትሽ «ይሄን ሁሉ በርበሬ ማን ሊበላው ነው?» ብላ አቤቱታ ጀመረች።

አንድ ቀን ስትመዝን «ገደሉን አየኸው?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ብቻህን ብትሄድማ ሐረር ነው የምትደርሰው። ቅዳሜ እንሄዳለን።»

ሄድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሾላው በሌለበት ቦታ ቆሜ ግራ ሲገባኝ አልጠበቀችኝም። አጥንቱ የወጣበትን ጉድጓድ አየሁት፤ ካቡንም አየሁት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ የሆነችውን ሁሉ ነገረችኝ። የተጠራችበትን፣ ቤቱን የለቀቀችበትን፣ ታማ ውሃ የሚያቀብላት ያጣችበትን። መሐል ላይ አፌን ስከፍት «አሁን አትናገር፣ ልጨርስ» አለችኝ። ጨረሰች። ቢላዋዋን አነሳችና ድንጋይ መክፈል ጀመረች፤ የከፈለችውን ወደ ኋላ ታቀብለኛለች፣ እኔ እቀበላታለሁ።

ተመልሰን በሯ ድረስ ሸኘኋት። ቁልፉን አውጥታ ከፈተችና ገባች። ደህና ዋልም፣ ግባም አላለችኝም። በሩንም አልዘጋችውም። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የጎረቤት ልጆች ያዩኛል።

ከውስጥ «ዝንብ እየገባ ነው» አለች።

ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

አጎትሽ ክፍሉ